ትንፋሼን የወሰደው ነጭ ብናኝ

በር ዘግታችሁ፣ አፍንጫችሁን በሻሽ አስራችሁ የተሰበረ ፓራውልት፣ የመኪና መከላከያ፣ የምትፍቁ ወንድሞቼ፣ ይህን የማጫውተው በተለይ ለእናንተ ነው። ሰዒድ እባላለሁ፤ የሐይቅ ከተማ ልጅ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፣ ስለ ሰው አካል የተማርኩትም ነገር የለም። የምነግራችሁ በገዛ ደረቴ ያየሁትን ነው።

ድሮ ባትላሜራ ነበርኩ። የተጨማደደ የመኪና ቆርቆሮ ቀጥቅጦ ማቃናት ነው ሥራው። ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ዳር ለተቀመጠ ሰው ሥራ አይጠፋም፤ ሚኒባሱ ከበሬ ይጋጫል፣ ባጃጁ ከሚኒባሱ ይጋጫል፣ ሁሉም ዞሮ እኛ ዘንድ ይመጣል። ኋላ ግን መኪኖቹ ተቀየሩ። ፓራውልቱም፣ የጎን ሽፋኑም፣ የባጃጁ ፊትም ፋይበር እየሆነ መጣ፤ ፋይበር ደግሞ በመዶሻ አይቃናም። ስለዚህ ኮምቦልቻ ወርጄ ከአንድ ባለሙያ ሥር ሆኜ ተማርኩ። ከቀጫጭን የመስታወት ክር የተሠራ ጨርቅ ታነጥፋለህ፤ ሬዚን የሚባለውን ማር የመሰለ ፈሳሽ ከማድረቂያው ጋር ቀላቅለህ በብሩሽ ታጠጣዋለህ፤ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ከዚያ ፍሌክስ በምንለው መቁረጫ ማሽን ቆርጠህ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀህ ቅርጹን ታወጣለህ። መምህሬ ስለ ቅልቅሉ፣ ስለ ቅርጹ፣ ስለ ቀለሙ ያልነገረኝ የለም። ስለ ትንፋሽ ግን ምንም አላለኝም። እሱንም የነገረው ሰው አልነበረም መሰለኝ።

ወደ ሐይቅ ተመልሼ ከጌታሁን ጋር ሥራ ጀመርን። ጌታሁን የአምባሰል ሰው ነው፤ ከውጫሌ ወጣ ያለ አገር ተወልዶ ሐይቅ ያደገ፣ እጁ የተባረከ የመኪና ቀለም ቀቢ። እኔ ቅርጹን አወጣለሁ፣ እሱ ይቀባል፤ ባለመኪናው መጥቶ የተሰበረበትን ቦታ ፈልጎ ሲያጣው ሁለታችንም እንስቃለን። ከመንገዱ ጀርባ ባለ አንድ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነበር የምንሠራው። በበጋ በሩን ከፍተን እንውላለን። ክረምት ሲገባ ግን እርጥበቱ ሬዚኑን አላደርቅ ስላለን በሩን ዘግተን፣ ጥግ ላይ ከሰል አያይዘን መሥራት ጀመርን። ከሰሉ ከዚያ ፈሳሽ ጋር አንድ ቤት መዋሉ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ዛሬ ሳስበው ሰውነቴን ይሰቀጥጠኛል። ቤቱን ይዞ አለመነሳቱ የአላህ ጥበቃ ነው።

ሕመሙ የጀመረው ከክንዴ ነው። ከጓንቱ በላይ ያለው ቆዳዬ፣ ከዚያ አንገቴ፣ ከዚያ ቀበቶ የማስርበት ወገቤ ያሳክከኝ ጀመር። ሳክክ የባሰ ይወጋል። ቀያይ ነጠብጣብ ወጣብኝ። ከዚያ ባለቤቴ ዘሃራም ክንዷን ማከክ ጀመረች። ትንሽ ቆይቶ ትንሿ ልጃችን ሪሃና አንገቷ ላይ ሽፍ አለባት። ቤተሰቡን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ያየን ባለሙያ ሦስታችንንም ተራ በተራ ተመለከተና፣

«ሁላችሁንም ነው የሚያሳክካችሁ?» አለ።

«አዎ።»

«እከክ ነው። ከአንዱ ወደ አንዱ ይተላለፋል። ቅባቱን ሁላችሁም ተቀቡ፤ አንሶላና ብርድ ልብሱን ቀቅሉ።»

አልፈርድበትም። አንድ ቤት ሙሉ ሰው ሲያሳክከው ማንም እንዲያ ነው የሚለው። ቅባቱን ተቀባን፣ አንሶላውን ቀቀልን፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አወጣን። ፍራሽ ፀሐይ ላይ የወጣበት ግቢ ደግሞ ጎረቤት ሳያውቀው አይውልም። እከኩ ግን አልለቀቀንም፤ ቀለል ይልና ይመለሳል።

በዚያው ሰሞን ሰፈራችን ውስጥ ሰርግ ነበር። ዘሃራ እንደ ወጉ ሽንኩርት ልትልጥ፣ ሥራ ልታግዝ በጠዋት ሄደች። ቢላዋ አንስታ ልትቀመጥ ስትል እትዬ መዲና፣ እኛን እንደ ልጆቿ የምታይ ጎረቤታችን፣ ክንዷን ሳትነካ በልብሷ ጫፍ ይዛ ወደ ዳር ወሰደቻት።

«ዘሃራዬ፣ አንቺ ዛሬ እንግዳችን ሁኚ። እዚያ ጋ ተቀመጪልን» አለቻት።

ዘሃራ የተባለው ገባት። ተቀመጠች፤ የቀረበላትን ግን አልቀመሰችም። ቤት ስትመለስ ምንም አልነገረችኝም ነበር። ጉርድ እጅጌ ቀሚሷን አውልቃ ረጅም እጅጌ ለብሳ ስትወጣ ነው «ምን ሆነሽ ነው?» ብዬ የጠየቅኳት። ስትነግረኝ አላለቀሰችም። እኔ ግን ያገለሉት እኔን የሆነ ያህል አዘንኩ። ሰው በበሽታ ይታመማል፤ የሚያመው ግን አንዳንዴ ሌላው ነገር ነው።

ሳሉ ከዚህ በኋላ መጣ። መጀመሪያ ማምሻውን ብቻ ነበር፤ ደረቅ፣ ምንም የማይወጣው ሳል። ብርድ ነው አልን። ዝንጅብል በማር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሰው ያለኝን ሁሉ ሞከርኩ። አንድ ክሊኒክ ሄጄ የመተንፈሻ ቧንቧህ ቆስሏል ተባልኩና እንክብል ተሰጠኝ። እሱ ሲያልቅ ሌላ ዓይነት ተሰጠኝ። ሲሻለኝ በመድኃኒቱ ነው እላለሁ፤ ሲብስብኝ መድኃኒቱን በደንብ ስላልዋጥኩ ነው እላለሁ። ለዘሃራ ልብስ የታሰበው ሁሉ መድኃኒት ቤት ገባ።

ከዚያ ደረቴ ማፏጨት ጀመረ። ስተኛ ደረቴ ውስጥ ሌላ ሰው የሚያለቅስ ይመስላል። ጋደም ስል ይብስብኛል፤ ስለዚህ ትራስ ደራርቤ ቁጭ ብዬ ማደር ለመድኩ። ጨለማው ውስጥ ትንፋሼን እያዳመጥኩ የማስበው ስለ ሞት አልነበረም። የማስበው ስለ ሪሃና ነበር፦ አድጋ ሌላ ሰው ስለ አባቷ ሲነግራት። ዘሃራ ነቅታ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሷም እንደነቃሁ ታውቃለች። ሁለታችንም ግን እንደተኛ ሰው ዝም እንላለን።

በመጨረሻ ደሴ ሄጄ ራጅ ተነሳሁ። ፎቶውን ያየው ሰው በብርሃን አንስቶ ወዲያ ወዲህ አገላበጠውና «ትንሽ ጥላ የመሰለ ነገር አለ፤ ቲቢ እንዳይሆን እንመርምር» አለኝ። ቲቢ የሚለው ቃል ከዚያ ክፍል ከኔ ቀድሞ ሳይወጣ አልቀረም፤ ሐይቅ ስደርስ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። አክታ ሰጠሁ፣ ነጻ ነው ተባለ። ደግመህ ስጥ ተባልኩ፤ አሁንም ነጻ። ነጻ መባሌን ግን እንደ መታመሜ ቶሎ የሰማልኝ አልነበረም።

የዚያን ጊዜውን የተራ መጠበቂያ አልረሳውም። ረጅም አግዳሚ ወንበር ነው፤ ሳል በያዘኝ ቁጥር በሁለቱም ጎኔ ያሉት ሰዎች ቀስ እያሉ ይሸሻሉ። ማንም አልሰደበኝም፤ ዝም ብሎ ወንበሩ ሰፋብኝ። በመስኮቱ በኩል አንዲት በዕድሜ የገፉ የገጠር እናት ተቀምጠው ነበር። ከአምባሰል ደጋ የመጡ ናቸው። ተነሱና እያነከሱ መጡ።

«ና፣ እዚያ መስኮቱ ሥር ተቀመጥ» አሉኝ።

«ኧረ እማማ፣ እርስዎ ይቀመጡ።»

«አንተ አየር ያስፈልግሃል። እኔን ያመመኝ ጉልበቴ ነው። ጉልበት መስኮት ምን ያደርግለታል?»

ሄጄ ተቀመጥኩ። እሳቸውም ሌላው ከሸሸው ወንበር ላይ አጠገቤ ተቀመጡና ስለ በጎቻቸው፣ ደሴ ስላለ ልጃቸው፣ ሐኪሙ ጉልበቴን ሲጫን ልረግጠው ነበር ስላሉት ነገር አወሩልኝ። ስማቸውን አልጠየቅኩም። በሄዱበት አፊያ ይስጣቸው።

መስከረም ጠባ። ጌታሁን በየዓመቱ እንደሚያደርገው ለግሸን ንግሥ ተነሳ። ሥራ ቤቱ ስለሚዘጋ እኔም አርዲቦ ከሚባለው ሐይቅ አጠገብ ወዳለው የእናቴ ቤት ሄድኩ። ጌታሁን ሊሰናበተኝ ሲመጣ «ስምህን ይዤ ነው የምወጣው» አለኝ። እኔም «እንዳይወድቅብህ በደንብ ያዘው» አልኩት። ሳቅን፤ እኔ ግን ሳቄን በሳል ነው የጨረስኩት።

እናቴ ሐዋ ትባላለች። ልክ ስታየኝ ደንግጣ «ያ አላህ! ልጄን ማን እንዲህ ቀረጠፈብኝ?» አለች። ከዚያ ወተቱ፣ ማሩ፣ ዱአው ሆነ። ደጅ በጥላው ሥር ቁጭ ብዬ ውኃውን እያየሁ መዋል ነው ሥራዬ። እና ምን ሆነ መሰላችሁ፤ ተሻለኝ። መጀመሪያ ክንዴ ማሳከኩን ተወ። ከዚያ ሳሉ ቀነሰ። ከዚያ አንድ ጠዋት ጋደም ብዬ እንዳደርኩ አወቅኩ፤ ትራሱ ከአልጋው ሥር ወድቋል።

ሐይቅ ስመለስ እንደ ሙሽራ ነበር የተቀበሉኝ። እናቴ በወተቴና በዱአዬ ነው አለች። ጌታሁን ከግሸን ጠበል ይዞልኝ መጥቶ «አየህ፣ ገና ሳትቀምሰው ነው የሠራልህ» አለ። እኔ ሁለቱንም አመሰገንኩ፤ ማንን ላስቀይም? አልሃምዱሊላህ ብዬ ማግስቱን ሥራ ገባሁ።

የሚጠብቀን የሚኒባስ ፓራውልት ነበር። ዝናቡ ገና አልወጣም፤ በሩን ዘጋን። ሻሼን አሰርኩና ፍሌክሱን አስነሳሁ። በቆርቆሮው ቀዳዳ በኩል የምትገባ ቀጭን ብርሃን ነበረች፤ ብናኙ እሷ ውስጥ እንደ ዱቄት ሲያብረቀርቅ አይቼ «እንዴት ያምራል» ማለቴን አስታውሳለሁ። ከሰዓት በኋላ ጌታሁን ሬዚን ቀላቀለ። ሽታው ሲመጣ ደረቴን ሰው በሁለት እጁ ያዘው። ላስል ብል ሳሉ አልወጣም። አየር ይገባል፣ አይወጣም። ፍሌክሱ ከእጄ ወደቀ። «ጌታሁን» ልል ፈልጌ አፌ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

ጌታሁን በሩን በእግሩ ብሎ ከፈተውና ብብቴ ሥር ገብቶ አወጣኝ። ጭቃው ላይ ሊያስተኛኝ ሲል እጁን ጨብጬ እምቢ አልኩ፤ ብተኛ የምሞት መስሎኝ ነበር። ገብቶት ጀርባዬን በደረቱ ደግፎ አስቀመጠኝ። «አብሽር ሰዒዶ፣ አብሽር፣ ቀስ፣ ቀስ በል» እያለ ባጃጅ ጠራ። ጤና ጣቢያ ኦክስጅን አድርገውልኝ በአምቡላንስ ወደ ደሴ ላኩኝ። ዘሃራ መንገዱን ሙሉ እግሬን ይዛ ነበር።

ደሴ እንደ ጭስ የሚተን መድኃኒት በአፍና አፍንጫዬ ላይ በተደረገ መሸፈኛ እንድስብ አደረጉኝ። ቀስ በቀስ ደረቴ ሲፈታ፣ አየሩ ጥልቅ ድረስ ሲገባ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ። አየር ጣዕም እንዳለው ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ያከመችኝ ዶክተር ወጣት ሴት ናት። ሥራዬን ጠየቀችኝ። «ጋራዥ» አልኳት፤ እስከዚያ ድረስ ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው ያንን ነበር።

«ጋራዥ ውስጥ ምን ይሠራሉ? ጠዋት ሲገቡ እጅዎ መጀመሪያ የሚይዘው ምንድን ነው?»

ነገርኳት። ስለ ክሩ፣ ስለ ሬዚኑ፣ ስለ ፍሌክሱ። ብዕሯን አስቀምጣ ሰማችኝ።

«የሚሻልዎት መቼ ነው?»

«እናቴ ዘንድ ስሄድ።»

ያን ጊዜ በር አጠገብ ቆማ የነበረችው ዘሃራ «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልናገር?» አለች።

«ይናገሩ።»

«እኔን የሚያሳክከኝ ሁልጊዜ አይደለም። የእሱን የሥራ ልብስ ያጠብኩ ቀን ነው። የልጄን ልብስም በዚያው ሳፋ ነው የማጥበው። እሱ እናቱ ዘንድ በነበረ ጊዜ አንድም ቀን አላሳከከንም። እከክ ነው ስላሉን ዝም አልኩ እንጂ ሲገርመኝ ነው የኖረው።»

ዶክተሯ ወንበሯን ወደ ዘሃራ አዞረችና «እስቲ ቀርበው ይቀመጡ፤ ይኼን በደንብ ይንገሩኝ» አለቻት።

ከዚያ በኋላ የገለጸችልን ነገር ቀላል ነው። ፋይበሩ ስለት ያለው የመስታወት ክር ነው፤ ሲፈቀፈቅ ዓይን የማያየው እሾህ ሆኖ ቆዳ ላይ ይሰካል። እከክ አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የሚተላለፈው ክሩ ራሱ ነው፣ ከቱታዬ ወደ ሳፋው፣ ከሳፋው ወደ ልጄ አንገት። ወደ ውስጥ ስስበው ደግሞ ብናኙና የሬዚኑ ትነት ተደምረው የአየር ቧንቧዬን አስቆጡት። ቧንቧው ሲቆጣ ያብጣል፣ ይጠባል። ስሙ አስም ነው፤ ከሥራ የመጣ አስም። ደግማ ያስነሳችኝን ራጅ አይታ ቲቢ የሚያስብል ነገር እንደሌለው፣ ያ ጥላ የተባለውም እንደማያሰጋ ነገረችኝ።

«እና መድኃኒት ወስጄ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ?» አልኳት።

«ሳንባዎ ይኼን ነገር አንዴ አውቆታል። ከእንግዲህ ትንሽ ሲሸተውም እንዲህ ሊነሳ ይችላል። መድኃኒቱ ይረዳዎታል፤ ግን መድኃኒት እየወሰዱ እዚያው ቤት መግባት እሳት ላይ ቆሞ ውኃ እንደ መጠጣት ነው።»

በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት ሰጡኝ። እጄና ትንፋሼ አልገጥም ብሎ ብዙ ሲባክንብኝ አንዲት ነርስ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሥሩን ቀድዳ አሳየችኝ፤ መድኃኒቱን ወደ ጠርሙሱ ነፍቶ ከዚያ ቀስ ብሎ መሳብ። ሳትጠየቅ፣ የምሳ ሰዓቷ አልፎባት ነው ቆማ ያስተማረችኝ።

ዘሃራ ሐይቅ እንደገባን ሻንጣ ሳታወርድ እትዬ መዲና ቤት ሄደች። ምን እንዳለቻት ሙሉውን አልነገረችኝም። ብቻ እትዬ መዲና በማግስቱ መጥታ፣ በር ላይ ቆማ፣ «ልጄ፣ እጅሽን ስጪኝ» አለቻትና ሁለቱንም እጆቿን ይዛ ደጋግማ ሳመቻቸው። ዘሃራም አልተቀየመችም ብላችሁ ውሸት ይሆናል፤ ተቀይማ ነበር። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እየቀለላት ሄደ።

የከበደው የጌታሁን ነገር ነው። የተባልኩትን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ።

«እኔስ? እኔም እዚያው ቤት ነው የምውለው። ለምን አላመመኝም?»

«የሰው አካል ይለያያል አለች።»

«ማስክ ገዝተህ ሥራ እንግዲህ። አለዚያም ልትተወው ከሆነ ቀጥታ ንገረኝ፤ በሐኪም አታሳብ።»

ማስኩን ሞከርኩት። በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠው ስስ ማስክ ነው፤ በሩ ጋ እንደደረስኩ ሽታው አልፎት ገባና ደረቴ ያዘኝ። መድኃኒቴን ስቤ ተመለስኩ። ጌታሁን ከውስጥ አየኝ፤ አልወጣም። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አልተነጋገርንም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታችን የሩቅ ሰው ሰላምታ ሆነ። ወንድሜ የሞተብኝ ያህል ነው የከበደኝ፤ እቤት ቁጭ ብዬ የመዋሉ ነገር ተጨምሮበት ቁጡ ሆንኩ። አንድ ቀን ሪሃና ውኃ ስለደፋች ጮህኩባት። ዘሃራ ልጅቷን አቅፋ «የታመመው ሳንባህ ነው ያሉን፤ ምላስህም ነው እንዴ?» አለችኝ። ጨርቅ አምጥቼ ውኃውን አደረቅኩ።

አንድ ጁምአ ከመስጊድ ስወጣ ጌታሁን ከደጅ የሊስትሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ እየጠበቀኝ አገኘሁት። እጅጌውን ሰበሰበ። በጣቶቹ መሃል ቆዳው ተሰነጣጥቆ ቀልቷል፤ ክንዱ እንደ እኔው ነጠብጣብ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኩት።

«ካንተ በፊት ሳይሆን አይቀርም። ሬዚን ስቀላቅል የዋልኩ ቀን ራሴን ይወቅረኛል፤ ሰክሬ የመጣሁ ይመስል እንገዳገዳለሁ። ለሰው አልነገርኩም።»

«ለኔ እንኳ?»

«ካመንኩልህ ሥራው የሚዘጋ መስሎኝ ነው» አለ። እጅጌውን መልሶ ዘረጋና «ያን ቀን ጭቃ ላይ እጄ ላይ የምትሞት መስሎኝ ነበር እኮ። ከዚያ ወዲህ በሩን ስዘጋ ይታየኛል» አለኝ።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሥራውን አልዘጋነውም፤ ቤቱን ነው የከፈትነው። በሁለት በኩል ያለውን ቆርቆሮ ነቀልንና ጣሪያው ብቻ ቀረ። ከሰሉ ወጣ፤ ክረምት ሬዚኑ ቢዘገይ ባለመኪናው ይጠብቃል። ፍሌክስ የሚነሳው ከግቢው ጫፍ፣ ነፋስ ወደ ኋላ ተትቶ ነው፤ የቀረው ፍቂያ በእጅ፣ በውኃ በራሰ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ውኃ የነካው ብናኝ አይበርም። ሲጠናቀቅ ወለሉን በደረቁ አንጠርግም፤ አርጥበን ነው የምናነሳው። ጌታሁን ሁለት ማጣሪያ ያለውን፣ ትነት የሚይዘውን ማስክ በአንድ የከባድ መኪና ሾፌር በኩል ከአዲስ አበባ አስመጣ። ማስኩ በጢም ላይ አይገጥምም ሲባል ደግሞ ለስንት ዓመት ያሳደገውን ጢም ላጨው፤ ሚስቱ ለጥቂት ቀን ባዕድ ሰው ቤቷ የገባ እየመሰላት ደነገጠች። ቱታው እዚያው ይወልቃል፣ ለብቻው ሳፋ ይታጠባል፣ ሳፋው ይለቀለቃል። ቆዳ ላይ ሲሰካ አይታከክም፤ ሳያሹ በሚወርድ ውኃ ማጠብ ነው። ማድረቂያው ዓይን ውስጥ እንዳይረጭ መነጽር አለ፤ አንድ ጠብታ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

እኔ ወደ ፋይበሩ አልተመለስኩም። መኪናውን ተቀብዬ፣ የተሰበረውን ፈትቼ፣ የተሠራውን የምገጥም እኔ ነኝ፤ ሁሉንም መንገድ ዳር፣ አየር ላይ። ሬዚን በሚቀላቀልበት ሰዓት ከግቢው እወጣለሁ። እንጀራችን ከበፊቱ ቀጠን ብሏል፣ ግን አልተቋረጠም። የሚከፋኝ ቀን የለም አልልም። አንዳንዴ በእጄ ያወጣሁት የቀድሞ ፓራውልት ፊቴ ሲያልፍ እጆቼ ይበሉኛል። አንድ ሥራ ሰው ላይ ከተለጠፈ ሲነቀል ቆዳ ይዞ ነው የሚሄደው። ያንን ሐኪምም አይነግርህም፤ ለማዘን ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ ጊዜ ስጡት።

ያለፈውን ተመልሼ ሳስበው ያከሙኝ ሰዎች ላይ ቂም የለኝም። እኔም «ጋራዥ» እያልኩ ነበር፤ ማን ምን ይገምት? ስለዚህ ሳል የያዛችሁ ወንድሞቼ፣ ሳል ሁሉ የፋይበር ነው አልላችሁም፤ አክታ ስጡ ሲሏችሁ ስጡ፣ ተመርመሩ። ግን ለሐኪሙ እጃችሁ የሚነካውን፣ አፍንጫችሁ የሚያሸተውን ሁሉ ንገሩት። ከሥራ ስትርቁ የሚሻላችሁ ከሆነ ንገሩት። ቤታችሁ ያለችውን ሴት ጠይቋት፤ እናንተ ያላያችሁትን አይታ ይሆናል።

ዛሬም መድኃኒቴ ከኪሴ አይለይም። ክረምት ይከብደኛል፤ ጭስ ይከብደኛል። ባለፈው አረፋ ግን ዘሃራንና ሪሃናን ይዤ እናቴን ልጠይቅ ሄድኩ። እናቴ ሐይቅ ገበያ ወርዳ ነበርና አብረን ነው የተመለስነው። ባጃጁ መንገዱ ካለቀበት አወረደን፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው፣ ዳገት። ሪሃና ከፊት ትሮጣለች፤ ዘሃራ ዕቃ ይዛለች፤ እኔ የእናቴን ዘንቢል ተሸክሜ ስለ ጌታሁን ጢም እያወራኋት ነው። ሚስቱ እንዴት እንደደነገጠች፣ ልጆቹ እንዴት እንደሸሹት፣ አንድ ደንበኛ «ጌታሁንን ጥራልኝ» ብሎ ለራሱ ለጌታሁን እንዳለው። እናቴ መጀመሪያ ስቃ ነበር፤ ኋላ ግን ትንፋሽ እያጠራት ወደ ኋላ ቀረት አለች። አፋፉ ላይ ስንደርስ ድንጋይ ይዛ ቆመችና በረጅሙ ተነፈሰች።

«አንተ ልጅ፣» አለችኝ፣ «ዳገቱ አለቀ፤ ያንተ ወሬ ግን አያልቅም እንዴ? እስቲ አሁን እንኳ ልተንፍስበት።»